ሁለት ጊዜ የፈነዳች መንኮራኩር



በ1991 የወጣው ስድስተኛው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ሊያልቅ ሲል ክሊንጎን ከሚባሉት የጠፈር ጦረኞች ወገን የሆነ ጄኔራል ቻንግ የሚባል አዛዥ የሚመራት የጦር መንኮራኩር ትፈነዳለች። ክንፏን የዘረጋች አሞራ የምትመስል አረንጓዴ መንኮራኩር ናት። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1994 «ስታር ትሬክ ጀነሬሽንስ» ወጣ። በዚህኛው ደግሞ ሉርሳና ቤቶር የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች የያዟት ተመሳሳይ መንኮራኩር ትፈነዳለች። ፍንዳታው ግን አዲስ አይደለም፤ ያው የቻንግ መንኮራኩር ፍንዳታ ነው። እሳቱ ከዚያው ቦታ ይነሳል፣ ስብርባሪው ወደዚያው አቅጣጫ ይበተናል። የቀድሞውን ፊልም በደንብ ያዩ ሰዎች ወዲያው አወቁት። ነገሩ ዛሬም ድረስ ሲነሳ ይወቀሳል። የዛሬው ንግግሬም በዚህ ወቀሳ ላይ ነው። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወቀሳውን ሙሉ በሙሉ አልቃወመውም። ነገር ግን «ገንዘብ አጥሯቸው ደገሙት» ብሎ ማለፍ ስለ ሲኒማ ብዙ የሚያስተምረንን ነገር ይሸፍንብናል። አንድ ምስል ሁለት ጊዜ መታየቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። እኔ የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አዲሱ ታሪክ ለአሮጌው ምስል እውነተኛ ሥራ ሰጥቶታል ወይ? ምስሉን በእጃቸው የሠሩት ሰዎችስ ስም አብሮት መጥቷል ወይ?

አስቀድሜ ግን አንዲት የጥቂት ሰከንድ ምስል ለምን ያን ያህል ውድ እንደነበረች ላስረዳ። ኮምፒውተር ሥራውን ከመረከቡ በፊት የጠፈር መንኮራኩር ማለት ከፕላስቲክ፣ ከእንጨትና ከብረት የተሠራች አምሳያ ነበረች። ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ትቆማለች። ካሜራው በሀዲድ ላይ ሆኖ አንዱን መንገድ፣ ፀጉር ታህል ሳያዛንፍ፣ ደጋግሞ ይመላለሳል። አንዴ የመንኮራኩሯን ገላ ይቀርጻል፣ አንዴ የመስኮቶቿን መብራት ብቻ፣ አንዴ የሞተሯን ብርሃን፣ አንዴ ደግሞ ከጀርባዋ ለመለየት የሚያገለግለውን ቅርጿን ብቻ። ከዋክብቱ ለብቻ፣ ፕላኔቱ ለብቻ ይቀረጻል። ከዚያ ሁሉም ኦፕቲካል ፕሪንተር በሚባል መሣሪያ ተደራርቦ አንድ ፊልም ላይ ይታተማል። አንዱ ንብርብር በትንሹ ቢዛነፍ በመንኮራኩሯ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል። ሠራተኛ በቀን ስንት እንደሚከፈለው እያሰባችሁ እዩት።

ፍንዳታ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ትንሽ አምሳያ ስትፈነዳ በተለመደው በሰከንድ 24 ፍሬም ብትቀረጽ ርችት ከመምሰል አታልፍም። ስለዚህ ካሜራው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይቀርጻል፤ ፊልሙ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እሳቱ ይዘገያል፣ መዘግየቱም ግዝፈት ይሰጠዋል። አምሳያዋ ግን ተሠርታ የምትጠፋው አንድ ጊዜ ነው። ባለሙያዎች ብዙ ቀን የለፉባት ነገር በቅጽበት ትነድዳለች። እንዲህ የተገኘን ጥሩ ፍንዳታ ፕሮዲዩሰር በመጋዘን ቢያስቀምጠውና በክፉ ቀን ቢያወጣው አይገርመኝም።

ታዲያ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በደንብ የሚያሳየው ያው የ«ስታር ትሬክ» ቤት ነው። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ለዚያ ዘመን ከባድ ገንዘብ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠረው የኢፌክት ድርጅት ሥራውን ሊያደርስ አልቻለም፤ በመጨረሻው ሰዓት የኢፌክት ባለሙያዎቹ ዳግላስ ትራምቡልና ጆን ዳይክስትራ ተጠርተው ሌት ተቀን ሠሩ። ፊልሙ ገንዘብ አስገባ፤ የፓራማውንት ስቱዲዮ አለቆች ግን በወጪው ተማረዋል። ሁለተኛውን ፊልም ለቴሌቪዥን ክፍላቸው ሰጡት፤ ሃርቭ ቤኔት የሚባል በቴሌቪዥን የተፈተነ ፕሮዲዩሰር መጣ፤ ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ሜየር ሆነ። በእጃቸው የነበረው ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የመጀመሪያው ሢሶ እንኳ አይሞላም።

በ1982 የወጣውን ይህን «ዘ ራዝ ኦቭ ካን» ያላያችሁ ካላችሁ እባካችሁ እዩት። ከዚያ ደግሞ እጥረቱ የት የት እንደተቀመጠ እየፈለጋችሁ በድጋሚ እዩት። በአጀማመሩ ላይ በሥልጠና ክፍሉ ስክሪን የሚታዩት የክሊንጎን መርከቦች ከመጀመሪያው ፊልም የተወሰዱ ናቸው። የፊልሙ ጀግና የከርክ መርከብ ኢንተርፕራይዝ ከጥገና ወደብ ስትወጣ የምናየው ምስልም ከዚያው ነው። ሬጉላ አንድ የምትባለው የምርምር ጣቢያ በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ በምድር ዙሪያ የምትዞር የቢሮ ሕንፃ ነበረች፤ አምሳያዋን ገለበጧት፣ እግሯ ወደ ላይ ሆነ፣ አዲስ ጣቢያም ተገኘ። የከርክ መርከብ የመሪዎች ክፍልና የጠላቱ የካን መርከብ የመሪዎች ክፍል አንድ ክፍል ናቸው፤ መብራቱን፣ ወንበሩንና ግድግዳውን ለዋውጠው ለሁለቱም ተጠቀሙበት።

በዚህ የመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ክፍሉ አንድ ስለሆነ የከርክና የካን ትዕይንቶች በተለያየ ጊዜ ተቀረጹ። ሁለቱን የሚጫወቱት ዊልያም ሻትነርና ሪካርዶ ሞንታልባን በአንድም ትዕይንት ፊት ለፊት አይገናኙም። አስቡት፤ የዚህ ፊልም ነፍሱ በቀል ነው። ካን ለዓመታት በረሃ በሆነች ፕላኔት ላይ ተጥሎ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ከርክን ከማጥፋት ሌላ ሐሳብ የሌለው ሰው ነው። ማንኛውም ጸሐፊ ሁለቱን በመጨረሻ አንገት ለአንገት ያናንቅ ነበር። እዚህ ግን በስክሪን ብቻ ይተያያሉ፣ በድምፅ ብቻ ይሰዳደባሉ። ካን እጁን ቢዘረጋም አይደርስበትም። በቀሉ ያለ መዳሰስ ስለሚቀር ቁጭቱ ከፍልሚያ ሁሉ ይበልጥ ያማል። ገንዘቡ ቢኖር ኖሮ አንድ ተራ የቡጢ ግጥሚያ እናይ ነበር ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የወደቡ ምስልም እንዲሁ። በመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተሩ ሮበርት ዋይዝ መርከቧን በዝግታ፣ እንደ ሙሽራ እያዞረ ያሳየናል፤ ከርክ መርከቡን መልሶ በማግኘቱ ዓይኑ ይበራል። በሁለተኛው ፊልም ያው ምስል አጥሮ ሲመጣ ከርክ የልደት ቀኑን ያከበረ፣ ለማንበብ መነጽር የተሰጠው፣ ዘመኑ ያለፈበት የሚመስለው ሰው ነው። መርከቧን ከወደብ የምታወጣው ገና ተማሪ የሆነች ወጣት መኮንን ናት፤ እሱ በፍርሃት ይጠብቃል። መርከቧም እሷው፣ ወደቡም እሱው፤ የሚያየው ሰው ግን አርጅቷል። ይህን ነው ለአሮጌ ምስል ሥራ መስጠት የምለው።

ሙዚቃውን ሳላነሳ አላልፍም። የመጀመሪያውን ፊልም ሙዚቃ የሠራው ጄሪ ጎልድስሚዝ ለአዲሱ በጀት ውድ ሆነ። በእሱ ፈንታ ገና 28 ዓመቱ የነበረው ጄምስ ሆርነር ተቀጠረ። ሆርነር የመጣው ከሮጀር ኮርማን ቤት ነው። ኮርማንን ሳንጠራ ደግሞ ስለ ተደጋገመ ምስል መናገር አይቻልም።

ሮጀር ኮርማን በሆሊውድ ጠርዝ ላይ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ፊልም ያመረተ ሰው ነው። በ1980 «ባትል ቢዮንድ ዘ ስታርስ» የሚባል ፊልም በወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ሠራ፤ ለእሱ ትልቅ ወጪ ነበር። ሙዚቃው የሆርነር ነው። በኢፌክትና በመድረክ ግንባታ ክፍሉ ውስጥ ጄምስ ካሜሩን የሚባል ወጣት ይሠራ ነበር፤ ሮበርት ስኮታክ የሚባል ባለሙያም ነበረ። ኮርማን ለዚያ ፊልም ያወጣውን ገንዘብ ደጋግሞ መለሰው። በ1982 «ፎርቢድን ወርልድ» ሲከፈት የምናየው የጠፈር ውጊያ ከዚያ የመጣ ነው። በ1983 «ስፔስ ሬይደርስ» የጠፈር ምስሉንም የሆርነርን ሙዚቃም ወሰደ።

«ስፔስ ሬይደርስ»ን ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። እዚያ ታሪኩ የተጻፈው ያሉት ምስሎች የሚገቡበት ቦታ እንዲኖር ነው። መርከቦቹ ይተኳኮሳሉ፣ ማን ማንን እንደሚመታ ግን ልብ አይይዝም። ምስሉ አዲስ ሥራ አላገኘም፤ ጊዜ እንዲሞላ ብቻ ተጠራ። የተወቀሰችው የ1994ቷ ፍንዳታም ችግሯ ይኸው ይመስለኛል። መጋዘን ውስጥ መክረሟ አይደለም፤ የእህትማማቾቹ ሞት የራሱ መልክ የሚያስፈልገው ሞት ነበር፤ ያገኙት ግን የሌላ ሰው ሞት ነው።

ወደ ኋላ ስንመለስ የቴሌቪዥኑ «ስታር ትሬክ» በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ነው። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ በየሳምንቱ ግዙፍ መርከብ ፕላኔት ላይ ማሳረፍ እንደማይችል ሲያውቅ ሰዎችን በብርሃን በትኖ የሚያወርድ መሣሪያ ፈጠረ፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ መሣሪያ ከገንዘብ እጥረት የተወለደ ነው። በ1966 ደግሞ ለስርጭት የደረሰ ሥራ እያለቀባቸው መጣ። በመደርደሪያ ላይ አንድ ያልተላለፈ ሙሉ ክፍል ነበር፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤንቢሲ ያልተቀበለው የመጀመሪያው ሙከራ፣ ሌላ ካፒቴን ያለበት። ምን አደረጉ? የመርከቧ መኮንን ስፖክ በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንዲከሰስ አደረጉና አሮጌውን ፊልም የፍርድ ቤት ማስረጃ አድርገው በስክሪን አሳዩት። ዳኞቹም እኛም አብረን እናየዋለን። «ዘ ሜናጀሪ» የተባለው ይህ ባለ ሁለት ክፍል ሥራ በ1967 የሁጎ ሽልማት አገኘ። ምስሉ አሮጌ መሆኑ አልተደበቀም፤ አሮጌነቱ ራሱ ታሪኩ ሆነ።

ጃፓኖችም በ1969 ተመሳሳይ ነገር ሠርተዋል። ቶሆ ስቱዲዮ ለአዲስ የጎድዚላ ፊልም በቂ ገንዘብ አልነበረውም። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ አብዛኛውን የጭራቆች ፍልሚያ በ1966ና በ1967 ከወጡ ሁለት ፊልሞች ወሰደ። ብዙ የጎድዚላ አፍቃሪዎች ይህን ፊልም ይንቁታል። እኔ እወደዋለሁ። ታሪኩ ኢቺሮ ስለሚባል፣ ወላጆቹ ሥራ ውለው ስለሚያመሹ፣ በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ብቻውን ስለሚያድግ ሕፃን ነው። ልጁ ሲያንቀላፋ የጭራቆቹን ደሴት በሕልሙ ያያል። ብቸኛ ልጅ በሕልሙ የሚያየው ደግሞ ቀድሞ በፊልም ያየውን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ተቃራኒውን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1982 «ብሌድ ራነር» ሊወጣ ሲል ፕሮዲዩሰሮቹ ደስ የሚል ፍጻሜ ፈለጉ። ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» ከሄሊኮፕተር ካስቀረጸው ትርፍ ምስል ተሰጣቸውና አረንጓዴ ተራራ ላይ በመኪና የሚደረግ ጉዞ ተቀጠለ። ምስሉ ውብ ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት የቆየች ከተማ አጠገብ ያ ሁሉ ለምለም ከየት መጣ? በ1992 የዳይሬክተሩ ቅጂ ሲወጣ ያ ፍጻሜ ተቆርጦ ቀረ፤ ፊልሙም ዳነ።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ክፍል ልግባ።

በሌኒንግራድ ፓቬል ክሉሻንሴቭ የሚባል ዳይሬክተር ነበር። በ1957፣ ሳተላይቷ ስፑትኒክ በተወነጨፈችበት ዓመት፣ ወደ ከዋክብት ስለሚደረግ ጉዞ ዘጋቢና ምናባዊ የሆነ ፊልም ሠራ። ሰው ክብደት አልባ ሆኖ ሲንሳፈፍ፣ ጣቢያ በጠፈር ሲገነባ፣ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ በራሱ ብልሃት አሳየ። በ1962 ደግሞ ስለ ቬኑስ «ፕላኔታ ቡር» የሚባል ፊልም አወጣ፤ ጭጋግ፣ እሳተ ገሞራ፣ ጥንታውያን አውሬዎች፣ ከመሬት ከፍ ብላ የምትበር መኪና፣ ትልቅ ሮቦት አለበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካዋ መንኮራኩር ማሪነር 2 ቬኑስን አልፋ ሄዳ ፕላኔቷ እንደ ምድጃ የጋለች መሆኗን አረጋገጠች። የክሉሻንሴቭ ቬኑስ ግን በሳይንስ ብትሻርም በውበቷ ቀረች።

ኮርማን የ«ፕላኔታ ቡር»ንና የሌሎች የሶቪየት ፊልሞችን መብት ገዛ። ቀድሞ በ1959 በኪየቭ የተሠራውን «ኔቦ ዞቭዮት» ገና ተማሪ ለነበረው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ሰጥቶት ነበር፤ የሶቪየት ምልክቶቹ ጠፉ፣ ጭራቆች ተጨመሩ፣ በ1962 የአሜሪካ ፊልም ሆኖ ወጣ። የክሉሻንሴቭ ፊልም ደግሞ ሁለት ጊዜ ታረደ። በ1965 ከርቲስ ሃሪንግተን ዝነኛውን ተዋናይ ባዚል ራዝቦንን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በሬዲዮ እንዲያወራ አደረገና የተቀረውን ከሶቪየቱ ፊልም ወሰደ። በ1968 ፒተር ቦግዳኖቪች በባሕር ዳርቻ ሴቶችን ቀርጾ ጨመረበትና ሌላ ፊልም ሆነ። ሁለቱም ዳይሬክተሮች በሐሰት ስም ፈረሙ። ለራሳቸው ስም ተጠነቀቁ ማለት ነው። የክሉሻንሴቭን ስም ግን ማንም አላሰበለትም። የአሜሪካ ተመልካች ለዓመታት የዚያን ሰው ጭጋግ፣ የዚያን ሰው ሮቦት በቴሌቪዥን እያየ አደገ፤ ማን እንደሠራው አያውቅም።

ውሉ በሕግ የተፈጸመ ነው፤ ኮርማንን ሌባ አልለውም። ብዙ ወጣቶችን ያስተማረ ሰው መሆኑንም አልክድም። ይሁንና በገንዘብ የተገዛው ምስሉ ነበር፤ የሠሪውን ስም መፋቅ ግን አንድ ዶላር አላዳነለትም።

ከእነዚያ የአሜሪካ ተመልካቾች አንዱ ቅድም ስሙን የጠራሁት ሮበርት ስኮታክ ነው። ስኮታክ ከኮርማን ቤት ወጥቶ ከካሜሩን ጋር በ1986 «ኤሊየንስ»ን ሠራ፤ በዚያ ፊልም ወታደሮቹ የሚያንቀላፉባቸው ሣጥኖች ስላነሱ መስታወት ተተክሎ እንዲበዙ ተደረገ፤ ስኮታክም ከባልደረቦቹ ጋር የኦስካር ሽልማት ወሰደ። ይህ ሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ፣ ስሟ ተለውጦ ሴንት ፒተርስበርግ ወደተባለችው ሌኒንግራድ ሄዶ ክሉሻንሴቭን ፈልጎ አገኘው። ሽማግሌው ተረስቶ በችግር ይኖር ነበር። ባለ ኦስካሩ እንግዳ ያንን ምስል እንዴት ሠራኸው፣ ይኼኛውንስ በምን ዘዴ እያለ ጠየቀው። ክሉሻንሴቭ በ1999 አረፈ፤ ዛሬ ስሙ በሙያው ሰዎች ዘንድ በክብር ይነሳል። ስሙን የመለሰለት ተቋም አይደለም፤ ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አንድ የሙያ ሰው ነው።

ወደ እኛ አገር የሚያመጣኝ አንድ ፊልም አለ። በ2015 ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ ዳይሬክተር ከተዋንያኑ ከዳንኤል ታደሰና ከሰላም ተስፋዬ ጋር በኢትዮጵያ የቀረጸውን «ክራምብስ»ን አወጣ። ከጥፋት በኋላ ስላለ ዓለም የሚናገር ሳይንሳዊ ልብወለድ ነው። ለመድረክ ግንባታ የሚሆን ገንዘብ በሌለበት ዳሎል ራሱ ሌላ ፕላኔት ሆነ፤ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ የዛገች አንዲት መንኮራኩር ብቻ በቂ ሆነች። የድሮ የላስቲክ መጫወቻዎችና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይከበራሉ። ውድ ነገር መግዛት ያልቻለ ፊልም ርካሹን ነገር የታሪኩ ንዋየ ቅድሳት አደረገው።

ከእናንተ መካከል ፊልም የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ፍንዳታ ለማግኘት አምሳያ ማቃጠል አያስፈልጋችሁም፤ የተዘጋጀ እሳት፣ የተዘጋጀ ጭስ፣ የተዘጋጀ መንኮራኩር በኢንተርኔት ይሸጣል፣ በነጻም ይገኛል። ሀብታሞቹም ይደግማሉ፤ ማይክል ቤይ በ2011 ለ«ትራንስፎርመርስ» የራሱን የ2005 ፊልም የ«ዘ አይላንድ»ን የመኪና ግጭት ምስሎች ተጠቅሟል። ስለዚህ የሌላ ሰው ምስል ስትጠቀሙ አትፈሩ። መጀመሪያ ግን ታሪካችሁ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ እርግጠኛ ሁኑ፤ ከዚያም በፊልማችሁ ማብቂያ ላይ ያንን ጭስ፣ ያንን እሳት የሠራውን ሰው ስም ፈልጋችሁ ጻፉ። የከፈላችሁበትም ቢሆን፣ በነጻ ያገኛችሁትም ቢሆን ጻፉ። ስሙን ማግኘት አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ያንን ቀን በቀረጻ ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት።